የሟች ጥርስ የያዘው ምስክር

በግንብ በታጠረች አንዲት የቆየች ከተማ ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የከተማዋን ሟቾች ጀናዛ የሚያጥቡት እርሳቸው ናቸው። በእጥበት ላይ ያዩትን የሟች ነውር ለማንም ተናግረው አያውቁም።

አንድ ቀን ዘካሪያ የተባለ ነጋዴ ምንጭ ዳር በሰው እጅ ታንቆ ሞቶ ተገኘ። በዋዜማው ሽኩር ከሚባል ተሸካሚ ጋር ገበያ መሀል ሲጣላ ሰው አይቶ ነበርና ሽኩር በሰንሰለት ታሰረ። ቢምልም የሚያምነው አጣ። የሟች ወንድሞች ደሙን ጠየቁ።

ሐጂ ጀናዛውን ሲያጥቡ ግን በጥርሶቹ መካከል ከነጥፍሩ የተነከሰ የጣት ጫፍ አገኙ። ለቃዲው ሊያሳዩት በጥጥ ጠቅልለው ያዙት። ቤታቸው ሲገቡ ልጃቸው ቃሲም እጁን በጨርቅ አስሮ ተቀምጧል።

«ምን ነካህ?»

«በቅሎ ነከሰችኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጥጡን ፈትተው ፊቱ አስቀመጡለት። ቃሲም ማልቀስ ጀመረ።

«ሰድቦኝ ነው። ልገድለው አላሰብኩም ነበር።»

«ሂድና ራስህ ተናገር።»

«አባባ፣ አጣቢ ያየውን ይሸፍናል ስትል አልነበር?»

«የምሸፍነው የሟችን ነውር ነው። የገዳይን አይደለም።»

ቃሲም አልሄደም። ቃዲው ለፍርድ በተቀመጡበት ቀን ሐጂ ተነሥተው ያገኙትን አቀረቡ። የሽኩር እጆች ታዩ፤ ጣቶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው።

ቃዲው፣ «ሐጂ፣ ይህ ጣት የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«አውቃለሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

የሽኩር ሰንሰለት ተፈታ። የሟች ወንድሞች ይቅር ብለው ዐፍው እንዲያደርጉ ቢለመኑ እንቢ አሉ፤ ቃሲምም ተገደለ። ከቀብር መልስ አንዱ ጎረቤት፣ «አባት ሆነው እንዴት አስቻለዎት?» አላቸው።

«አላስቻለኝም» አሉ ሐጂ። «ግን ዝም ብል ኖሮ፣ ለልጄ ዱዓ የማደርግበት አፍ አይኖረኝም ነበር።»

ወገኖቼ፣ ዘመዳችንን ለማዳን ስንል የሌላውን አንገት ለሰይፍ የምንሰጥ ስንቶቻችን ነን? እንዲያ የዳነ ሰው ወደ ወዲያኛው ዓለም፣ ወደ አኺራ፣ የሚሄደው የሁለት ሰው ደም ተሸክሞ ነው። ሐጂ ኑርሁሴን ልጃቸውን ከሰይፍ አላዳኑትም። አላህ ፊት በሽኩር ደም ከመጠየቅ ግን አዳኑት፤ ከዚህ በላይ ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር አልቀረም ነበር።