ድምፅ የሚያድርበት ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ ጭጋግ ከማይለየው ገደል ሥር፣ ድምፅ የሚያሳድር ዋሻ ነበር። ዋሻው ብዙ ጓዳዎች ነበሩት። አንዱ አውሬ ወደ ጓዳው ገብቶ የሚለውን ብሎ ሲወጣ፣ ቃሉ ከግድግዳው ላይ እንደ ጤዛ ተጣብቆ ይቀራል። ሌላው መጥቶ ከዋሻው አፍ ላይ የባለጓዳውን ስም ሲጠራ፣ ባለቤቱ ባይኖር እንኳ ድምፁ ከውስጥ ይመልስለታል። ቆቅ የት እንደምትውል ትናገርበታለች። ዝሆን ውኃ ያለበትን ያመለክትበታል። እትዬ አህያ የምትለው ነገር ስላልነበራት ዝም ብላ አናፍታበት ወጣች፤ ያም ሆኖ በየጠዋቱ እየመጣች የራሷን ስም ትጠራና «ወይ ድምፅ! ወይ ድምፅ!» እያለች ትሄዳለች።

ሚዳቋ ግን ጓዳዋን የያዘችው ለጨዋታ አልነበረም። ባሏን ነብር ከወሰደባት ወዲህ ልጇን ቡሊትን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ሣር ፍለጋ ርቃ ስትሄድ ግልገሏን ከዋሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሸሽጋትና፣ ጓዳዋ ውስጥ «ቡሊት፣ ልጄ፣ አለሁልሽ፤ እስክመጣ እንዳትወጪ» የሚል ቃል ትታላት ትሄዳለች። ቡሊት ሆዷን ባር ባር ሲላት ብቅ ብላ የእናቷን ስም ትጠራለች፤ ያንን ድምፅ ትሰማለች፤ ተመልሳ ትተኛለች። የልጅቷ ነፍስ በዚያ ድምፅ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ዋሻውን ሲጠብቅ የኖረው ጉጉት አርጅቶ ሞተ። የዋሻው ጌታ አያ አንበሶ አራዊቱን ሰበሰበና፣ «ጠባቂ ምረጡ። ከዛሬ ጀምሮ ዋሻው የሚተዳደረው እሱ በሚያወጣው ደንብ ነው፤ ኋላ ወዮ እንዳትሉ» አለ።

እመት ጦጢት ዘላ መካከል ገባች።

«እኔን ብትመርጡ፣» አለች ጭራዋን እያወዛወዘች፣ «ከጓዳ ወደ ጓዳ መሹለኪያ እከፍትላችኋለሁ። ሁሉም እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ማን ነህ፣ ምን ነሽ የሚል የለም! የውጪውን በር ግን ከእኛ ሌላ እንዳይገባበት በትልቅ ድንጋይ እዘጋዋለሁ። እስቲ ሌባ በየት ይገባል?»

አራዊቱ በደስታ ጮኹ። ጩኸቱ ሲበርድ ጃርት እሾሁን እያንኳኳ ቀስ ብሎ ቀረበ።

«እኔ እንኳ የማደርገው ሌላ ነው» አለ። «በጓዳና በጓዳ መካከል ግድግዳ አቆማለሁ። የማይጠቅመውን ቀዳዳ ሁሉ እደፍናለሁ። እያንዳንዱ የሚገባው የራሱ ጓዳ ብቻ ነው። በመጣችሁ ቁጥርም ማን እንደሆናችሁ እጠይቃለሁ።»

«እያወቅኸንም?» አለች እትዬ አህያ።

«እያወቅኋችሁም።»

«አያ አንበሶንም?»

«አያ አንበሶንም።»

ሁሉም ዞር ብሎ አንበሳውን አየ። አንበሳው ጭራውን አንዴ መሬት ላይ ጣል አደረገ።

«አያ ጃርት፣» አለ ቀበሮ ከኋላ፣ «እሾህህ ጀርባህ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ምላስህም ላይ አብቅለሃል!»

ሳቁ ገደሉን ሞላው። ጃርት አልተቆጣም። ከእናቷ እግር ሥር ወደተለጠፈችው ቡሊት ዘወር አለና፣ «አንቺ ትንሿ፣ ይህች እናትሽ መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?» አላት።

«በድምጿ።»

«ድምጿን ሌላ ቢይዘውስ?»

ቡሊት ዓይኗን አፍጥጣ ወደ እናቷ አየች።

«እንግዲያው አንቺና እሷ ብቻ የምታውቁትን ነገር ጠይቂያት» አላት።

ሚዳቋ ይህን ሁሉ ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ታስብ ነበር። ወተት ጡቷን ወጥሮት፣ ልቧ ልጇ ጋ ቀድሟት ስትሮጥ የምትመጣበትን ሰዓት አሰበች። በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆማ «እኔ ሚዳቋ ነኝ» ልትል ነው? ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል? ጦጢትን የሚመርጡ እግራቸውን እንዲያነሱ ሲጠየቁ፣ ከሁሉ ቀድማ እግሯን አነሳች።

ጃርትም፣ «የውጪው በር የውጪውን ሌባ ይመልስ ይሆናል። ጎረቤቱ ሌባ ከሆነስ?» ብሎ ጠየቀ። የሰማው ግን አልነበረም። እሾሁን እያንኳኳ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

የጦጢት ዘመን ሲጀምር ጥሩ ነበር። ሚዳቋ እየሮጠች ገብታ እየሮጠች ትወጣለች። ቡሊት ብቻ የጃርትን ነገር ጨዋታ አድርጋ ይዛዋለች። እናቷ በመጣች ቁጥር ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆና፣ «እማ፣ ትናንት ምን አስነጠሰኝ?» ትላታለች።

«አንቺ ልጅ፣ እግሬ ዝሏል እኮ! አበባው ነዋ፣ ቢጫው አበባ!»

«እሺ፣ ነሽ!»

አንድ ቀን ቀበሮ አዲስ ጎረቤት ይዞ መጣ፤ አያ ጅቦን።

«ጅብ ደግሞ ምን የሚናገረው አለው?» አለች ጦጢት።

«ምን አለው ትያለሽ? ዘፋኝ እኮ ነው» አለ ቀበሮ። «ድምፁን የሚያሳድርበት አጥቶ ነው በየሜዳው የሚጮኸው።»

ጦጢት ሳቀችና ከእትዬ አህያ ጓዳ ጎን ያለውን ባዶ ጓዳ ሰጠችው። እትዬ አህያ ደግሞ የጓዳዋን መዝጊያ ድንጋይ ትከሻዬን ነካኝ ብላ ከጣለችው ቆይታለች። ከጅብ ጓዳ ወደ አህያ፣ ከአህያ በጦጢት መሹለኪያ ወደ ቆቅ፣ ከቆቅ ወደ ሚዳቋ፣ መንገዱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋሻው ጠባዩ ተለወጠ። እትዬ አህያ እንደልማዷ ስሟን ብትጠራ፣ የመለሰላት ማናፋት ቀጭን ሆነ፤ ከሩቅ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል። የቆቅ ድምፅ የምትውልበትን ከተናገረ በኋላ ዝም ማለት ሲገባው፣ ቀስ ብሎ ሳቀ። ሚዳቋ ይህን ሰምታ ጠጉሯ ቆመ። ጓዳዋ ስትገባም ግድግዳው አንድ ጥግ ላይ እርጥብ ነበር፤ የተላሰ ይመስል።

«እመት ጦጢት፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር እየገባ ነው» አለቻት።

ጦጢት ሮጣ የውጪውን ድንጋይ መታ መታ አደረገችው። «ይኸው፣ ንቅንቅ አላለም! እናንተ እናቶች ደግሞ ጥላችሁንም ትፈራላችሁ።»

ሚዳቋ አመነቻት። ማመን ስለፈለገች አመነቻት።

በማግስቱ ሚዳቋ ቸኩላ ልጇን እንኳ በቅጡ ሳትሰናበት ወጣች። ቀትር ላይ ጭጋጉ ወረደ። እንዲህ ያለ ጭጋግ አይታ አታውቅም፤ የገዛ እግሯን ሸፈነባት። አፏ ውስጥ ያለው ሣር ጣዕሙ ጠፋባት፤ ተፋችውና ወደ ዋሻው ሮጠች። ከቁጥቋጦው ስትደርስ ቡሊት የተኛችበት ሣር ገና ሞቅ ያለ ነበር፤ ቡሊት ግን የለችም።

ዋሻው አፍ ላይ ቆማ የራሷን ስም ጠራች።

መልስ የለም። ከጓዳዋ የወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ነበር።

ደግማ ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣ ከታች ከወንዙ በኩል፣ ጭጋጉን ሰንጥቆ የገዛ ድምጿ መጣ።

«ቡሊት፣ ልጄ፣ አለሁልሽ! ነይ ውረጂ!»

ሚዳቋ አፏን ዳሰሰች። የተናገረችው እሷ አልነበረችም። ከዚያም በቁልቁለቱ ተወረወረች።

«ቡሊት! እንዳትወርጂ! እኔ እዚህ ነኝ!»

«ቡሊት! እንዳትሰሚያት! እኔ እዚህ ነኝ!» አለ ያኛው ድምፅ ተቀብሎ። አተነፋፈሱ እንኳ የእሷው ነበር።

ጭጋጉ መሃል የትንሽ ኮቴ ድምፅ ቆም አለ። ግልገሏ ከላይም ከታችም እናት አላት፤ አንዷንም ማየት አልቻለችም። ሚዳቋ ልሩጥ ብላ አሰበች፤ ነገር ግን ወዴት? ልጇ በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ታች ካለች አበቃ።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ የቡሊት ድምፅ ተንቀጥቅጦ ተሰማ።

«እማ፣ ዛሬ ጠዋት የላስሽኝ የቱን ጆሮዬን ነው?»

የታችኛው ድምፅ ቀደመ። «ሁለቱንም!» አለ በእናትነት ልስላሴ። «ሁለቱንም ጆሮሽን! አንገትሽንም! ጭንሽንም! ጉበትሽንም ልልሰው ነው፣ ነይ ቶሎ በይ!»

ኮቴዋ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አንዱንም አልላስኩሽም» አለች ሚዳቋ፤ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ቸኩዬ ነበር። አኩርፈሽ ፊትሽን አዙረሻል።»

ቡሊት በጭጋጉ ውስጥ ተስፈንጥራ ደረቷ ላይ ወደቀች።

ታች ያለው አያ ጅቦ በንዴት ሊጮህ አፉን ቢከፍት፣ የወጣው የራሱ ጩኸት አልነበረም። የአንዷን ድምፅ ብቻ ልሶ መውጣት ሲችል፣ ሆዱ አልችል ብሎት የዋሻውን ግድግዳ ሁሉ ልሶት ነበርና የዋጠው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። መጀመሪያ የአህያ ማናፋት። ቀጥሎ የቆቅ ጥሪ። ቀጥሎ ደግሞ የቀበሮ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦ «ግልገሏን ስትበላ አጥንቱን ለእኔ ተውልኝ ብያለሁ፣ አያ ጅቦ!» ቀበሮ ይህን ያንሾካሾከው ጅብ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ዋሻው ደግሞ የተነገረውን ሁሉ ያሳድራል። በመጨረሻ የአንበሳው ግሳት ከጅቡ ጉሮሮ ፈነዳ። ጅብ አንበሳ ከኋላው የመጣበት መስሎት፣ ከገዛ ሆዱ እየሸሸ ገደሉን ተሻገረ።

ግሳቱን የሰሙት አራዊት ዋሻው አፍ ላይ ተሰበሰቡ። ቀበሮ ቀድሞ ጠፍቷል። ጦጢት ድንጋዩን እየመታች፣ «በሩ አልተሰበረም እኮ! ይኸው እዩት!» ትላለች።

«አዎ፣ አልተሰበረም» አለች ሚዳቋ። «የሚሰብረው ምን ሲያደርግ? ጅብን አንቺው አስገብተሽዋል፤ እኔ ደግሞ አንቺን መርጫለሁ።»

ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ጃርት ጉድጓድ ሄደች።

«ማን ነሽ?» አለ ጃርት ከውስጥ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በተናደደች ነበር። «ሚዳቋ ነኝ» አለች ቆማ። «ለጦጢት ከሁሉ ቀድሜ እግሬን ያነሳሁት።»

ጃርት ወጣ። መሹለኪያዎቹን ደፈነ፣ በየጓዳው መካከል ግድግዳ አቆመ፣ እትዬ አህያን የገዛ መዝጊያዋን ራሷ ተሸክማ እንድትመልስ አደረጋት። አያ አንበሶ፣ «ጅብን ከዚህ አገር አጠፋዋለሁ!» ሲል፣ ጃርት፣ «ያጥፉት፤ ነገ ሌላ ጅብ ጓዳ ይጠይቃል። ዘፋኝ ነኝም ይላል» አለው። «ደግሞ እኔንም አትመኑኝ፤ ጓዳችሁን እኔም እንዳልገባበት አድርጌ ነው የሠራሁት።»

የተላሰው ድምፅ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ጭጋግ ሲወርድ ከገደሉ ማዶ ያ የለሰለሰ ጥሪ ይመጣል፦ «ቡሊት፣ ልጄ፣ አለሁልሽ፤ ነይ ውረጂ።» ሚዳቋ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ቡሊት ቀና እንኳ አትልም። እናቷ ከሣር ስትመለስ ግን፣ አጠገቧ ደርሳ፣ ፊቷን እያየችው፣ ገና ትጠይቃታለች። ሚዳቋም ወተቱ ጡቷን እየወጠራት ቆማ ትመልሳለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ድምፃችንንም ሆነ ድረ ገጻችንን ከማናውቃቸው ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቤት፣ በዋሻም ይሁን በአንድ ኮምፒውተር፣ ስናሳድር፣ ቤቱ የሚተዳደርበትን ሥርዓት መምረጥ ያለብን በሚያቀልልን ድካምና በውጪው በር ትልቅነት ሳይሆን በጎረቤትና በጎረቤት መካከል በሚያቆመው ግድግዳ መሆኑን ነው።