የምራኑ ቦታ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ጥበቡ፣ ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ።

የጠየቀቻቸው አልጋነሽ ናት። የኔታ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት፣ አሁን ጉሊት ላይ ጎመንና ቃሪያ የምትቸረችር ሴት ናት። በድንገት ሆዷን ታማ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ነፍሷ ተረፈች፤ ጥሪቷ ግን አለቀ። እሷ ቤት ተኝታ ሳለ ጎረቤቷ ዘነበች የራሷንም የአልጋነሽንም መደብ ይዛ ትሸጥና ማታ ማታ የእሷን ድርሻ ታስረክባታለች። ይህ አልጋነሽን አንገበገባት። «የኔታ፣ ሰው እየለፋልኝ ተኝቼ መብላት ነውር አይደለም ወይ? ነገ ተነስቼ ጎመኔን ብሸከምስ?» አለቻቸው ሊጠይቋት ሲመጡ።

«አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ጥማድ በሬ ነበረው። በግንቦት መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ጊዜ፣ ሆዱን ቁርጠት ያዘው። እንደ ልማዳችን ፌጦ አጠጡት። ፌጦ ደግ ነው፤ ለተቋጠረ አንጀት ግን ምን ያድርግ? ሲብስበት የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ እየተፈራረቁ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። ሐኪሙ ‹ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሬሳ ነበር የምትሸከሙት› አለና ወዲያው ቀደደው። ሰውዬው ዳነ። ሚስቱ ግን ለሕክምናው አንዱን በሬ ሸጠች። የቀረውም በሬ፣ ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሲመላለስ የሚያየው አጥቶ፣ አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ።

«አንድ ከሲታ በሬና አንድ የተሰፋ ሆድ ይዞ ሰኔ መጣበት። ሐኪሙ ‹ክረምቱ ሳይወጣ እርፍ እንዳትጨብጥ› ብሎታል። ካልዘራ ደግሞ መሬቱን ለሌላ አራሽ ሊሰጥ ነው፤ ልጆቹም ከርሞ የሚበሉት የላቸውም።

«ጎረቤቱም ባለ አንድ በሬ ነበረ፤ በሬው ግን ብርቱ ነው። መጣና ‹እንቀናጅ› አለው። አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ልንገርሽ፤ ባለ አንድ በሬና ባለ አንድ በሬ ሲገናኙ፣ ሁለቱን አብረው ጠምደው ማሳቸውን በየተራ የሚያርሱበት ወግ ነው። ‹በእኔም ቀን በአንተም ቀን እርፉን እኔ እይዛለሁ› አለው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ‹መቀናጀቱስ እሺ፤ በእኔ ቀን ግን እኔው አርሳለሁ። ገና አልሞትኩም› አለ። ኩሩ ነበረ። ኩራት ደግሞ የሐኪም ምክር አይሰማም።

«ተራው ደረሰ። ጎረቤቱ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በሬዎቹን ራሱ ጠመደ። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ልክ መሀል ላይ አሰረው። የከሳ በሬ ሲጠመድ ምራኑ ከመሀል እንደሚነሳ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ‹የእኔ በሬ ከማን ያንሳል!› ብሎ ነው። ሁለተኛውን ትልም ሳይጨርስ ከሲታው በሬ ተንበረከከ። ብርቱውም አንገቱ ተጠምዞ ቆመ። ሰውዬው ቀንበሩን ላንሳ ብሎ ጎንበስ ሲል ስፌቱ እንደ እሳት ለበለበውና እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጎረቤቱ ሮጦ ደረሰ። አልተቆጣውም። በሬዎቹን አስነሳ፣ ምራኑን ፈታና ወደ ብርቱው በሬ አስጠግቶ አሰረው። ምራን የቀረበው በሬ ነው አብዛኛውን ክብደት የሚስበው። ከዚያ እርፉን ጨብጦ ማረስ ጀመረ።

«ሰውዬው ከዳር ሆኖ ያያል። ‹የእኔ በሬ እኮ ዝም ብሎ መከተሉ ነው› አለ።

«‹ቀንበሩን አልጣለም አይደል?› አለ ጎረቤቱ ሳይቆም። ‹ቀንበሩን ካልጣለ እያረሰ ነው። የእኔስ በሬ ብቻውን ምን ያርስልኛል?›

«ዝናቡ ጣለ፣ ሣሩ በቀለ፣ በሬው ጋጠ። ጎረቤቱም በሬውን እያየ ምራኑን ጥቂት ጥቂት ወደ መሀል ያመጣው ነበር። መቼ መሀል እንደ ደረሰ ማንም ልብ አላለም። ሰውዬውም መጀመሪያ ማሳው ዳር ድረስ ሄዶ ይመለስ ነበር፤ ኋላ ተቀምጦ አረም ነቀለ፤ ክረምቱ ሲወጣ እርፍ ጨበጠ። በዓመቱ የጎረቤቱ በሬ አነከሰ። ያን ጊዜ ምራኑን ወደ ራሱ በሬ አስጠግቶ ያሰረው ያው ሰውዬ ነው። ማንም አልነገረውም።»

የኔታ ወደ አልጋነሽ ዞሩ። «አንቺም እንዲሁ ነሽ፣ ልጄ። ዛሬ ምራኑ ወደ ዘነበች ቀርቧል። ብርቱ ናት፣ ትሳበው። በግድ መሀል ልሰረው ብለሽ ነገ ጎመን ብትሸከሚ ትወድቂያለሽ፤ ስትወድቂ ደግሞ የእሷንም አንገት ይዘሽ ነው። መልሳ ሐኪም ቤት የምትወስድሽ እሷው አይደለችም? ያንቺ ሥራ ቀንበሩን አለመጣል ነው። ብዪ፤ ሐኪሙ ያለሽን ያህል ተራመጂ፤ እጅሽ የሚችለውን ሥሪ። ጥሪትም እንደዚያ ሣር ነው፤ ወቅቱን ጠብቆ ይበቅላል። ደግሞ ድነሽም ‹ምራኑ እዚያው ይቅርልኝ› እንዳትዪ!»

አልጋነሽ ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቷን በመዳፏ ደገፍ አደረገች። «የእኔስ ምራን መሀል የሚደርሰው መቼ ነው፣ የኔታ?»

«በሬ ምራኑን ራሱ ፈትቶ ሲያስር አይቼ አላውቅም» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ማታ ዘነበች የቀኑን ሽያጭ ልታስረክብ ስትገባ፣ አልጋነሽ እንደ ሌላው ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። «ነገ ጎመኑን መጀመሪያ እዚህ አምጪልኝ» አለቻት። «ተቀምጬ በየእስሩ አስረዋለሁ። ዘንቢሉን ግን አንቺው ትሸከሚልኛለሽ።»