ወደ ኋላ የሚዋኘው ዓሣ

በአንድ ወቅት ነው። ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ ባጃጅ ከመጣ በኋላ ነው። በሁለት ሐይቆች አጠገብ ባለች ሞቃት ከተማ ሦስት የአንድ እናት ልጆች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ስቲከር ይሠሩ ነበር። ታላቅየዋ ሩሐማ በኮምፒውተር ትስላለች። መካከለኛው መርክነህ በማሽን ይቆርጣል። ታናሽየው አይዛ ይለጥፋል። ማሽኗ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት፤ ባለቀለሙን ላስቲክ ብቻ ትቆርጥና ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሳትነካው ታልፋለች። እኔ ቆሜ አይቻታለሁ፤ ታስገርማለች።

አንድ ቀን የባጃጅ ማኅበሩ ለስልሳ ባጃጆች የጎን ቁጥር አዘዘ። ቁጥር ብቻ። ሩሐማ ግን በዚህ አልረካችም።

«ከደጋ ለገበያ ከሚወርደው ሰው ስንቱ ነው ቁጥር የሚያነበው? የማኅበሩ ባጃጅ መሆኑን በምን ይወቅ? ከቁጥሩ አጠገብ ዓሣ ይኑር» አለች።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳቀባት። «ባጃጅ ነው እኮ ያለን፣ ጀልባ አይደለም!»

«ዓሣውን በነፃ እሠራዋለሁ» አለችና አፉን አስያዘችው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ የሚያምር ቀይ ዓሣ ሳለች። እውነቱን ለመናገር ማንም አልለመናትም፤ የሰው ችግር ታይቷት ነው።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ባጃጅ ሁለት ዓሣ ይፈልጋል፤ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። የሁለቱም አፍ ባጃጁ ወደሚሄድበት መዞር አለበት። ስለዚህ አንዱ እንዳለ ይቆረጣል፤ ሌላው ከመቆረጡ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ይገለበጣል። መርክነህ ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ገለበጠ። በስልሳኛው ስልክ ተደወለለት። ጓደኛው ነው፤ ወሬው የኳስ ነው። በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው ማሽኗን አስነሳት። ከወሬው ሲመለስ ሁለት አንድ ዓይነት ዓሣ ወጥቷል፤ ቀዩ ላስቲክ ደግሞ አልቋል። ሌላው ቢሆን «ማሽኗ ናት» ይል ነበር። መርክነህ ግን አንዲት ነገር አልደበቀም።

«ሩሕዬ፣ አበላሸሁት። መገልበጡን ረሳሁ።»

«ጣለው» አለች ሩሐማ ሳታመነታ። «ቀይ ላስቲክ እስኪመጣ ይጠብቅ። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ሱቅ አይወጣም።»

የባጃጁ ባለቤት ጫኔ በር ላይ ቁጭ ብሏል። ዓሣ ከሌለው ተራ አያስገቡትም፤ ላስቲኩ የሚመጣው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው። አይዛ ጫኔን አየው። ዓሣውንም አየው። በየቅርፊቱ መካከል ያለውን ትርፍ ላስቲክ በመርፌ እየለቀመ ዓይኑ እስኪቀላ የደከመበት ዓሣ ነው። እህቱ ለጉዳይ ወጣ ስትል ጊዜ አላጠፋም። የባጃጁን ጎን በአልኮል ወለወለ፤ ዓሣውን ተሳፋሪ በሚገባበት በቀኝ በኩል አስቀመጠ፤ አየር እንዳይቀርበት ከመሀል ወደ ዳር እየገፋ አጣበቀው።

«ኧረ አይዛ፣ ወደ ኋላ እኮ ነው የሚሄደው!» አለ ጫኔ።

«አንተ ወደ ፊት ንዳ እንጂ በዓሣው ምን አገባህ?»

ሩሐማ ስትመለስ ጮኸች። ጥፍሯን አስገብታ ልትልጠው ሞከረች፤ ጫፉ እንኳን አልነሳ አላት። ጫኔም ሞተሩን አስነስቶ እብስ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫኔ የተራው ሁሉ መሳለቂያ ሆነ። «ጫኔ፣ ዓሣህ ትቶህ ሐይቅ እየገባ ነው!» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

በሦስተኛው ወር መሰለች የምትባል የሸማኔ ሚስት ከደጋ ወረደች። ትኩሳት የያዘው ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ጸጋነሽ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ በእጇ ይዛለች። የጫኔን ባጃጅ አስቁማ ስትገባ ለጸጋነሽ እያሳየች፣ «አየሽ፣ ይሄ ዓሣ እኛ ወደመጣንበት ነው የሚሄደው» አለቻት። ልጅቷ መንገድ ደክሟት ነበርና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ እናትየው ፎጣ አለበሰቻት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ሕፃኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሰለች እሱን አቅፋ ዘላ ወረደች። ጫኔም «ሩጪ! ሒሳቡን ተይው!» ብሎ ጮኸ። ጸጋነሽ ከነፎጣዋ ወንበሩ ሥር ተንሸራታ ስለነበር ዞር ብሎ ቢያይም አላያትም። ቤቱ ሄደ፤ ባጃጁን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆመ፤ ሸራውን በሁለቱም በኩል ዘግቶ ምሳ ሊበላ ገባ።

ሕፃኑ መርፌ ተወግቶ ጋብ ሲልለት መሰለች እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ልጅ የለችም።

«ወይኔ ልጄን! ልጄን!»

ዘበኛው ሮጦ መጣ። «የባጃጁ ቁጥር ስንት ነው፣ እናቴ?»

«አላነብም! ዓሣ አለበት።»

«ዓሣማ ያለባቸው ስልሳ ናቸው እኮ!»

መሰለች ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። «ዓሣው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።»

«ጫኔ!» አለ ዘበኛው፤ ያን ዓሣ የማያውቅ የለም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጫኔ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ በካናቴራ ወጥቶ ሸራውን ገለጠው። ልጅቷ በላብ ተነክራለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ማልቀስ እንኳን አቅቷታል። አቅፎ እየሮጠ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዳት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ነርሷ ተናግራለች፤ እኔ ግን አልደግመውም። ውኃ ጠጣች፤ ቆየችና አለቀሰች። ያን ለቅሶ የሰማ ሁሉ «ተመስገን» አለ። እኔም ስሰማ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ መሰለች ክረምቱን ሙሉ ፈተለች፤ ባሏ አቶ ዳና ሸመነ። አንድ ቀን ሁለቱም ጸጋነሽን ይዘው ወደ ስቲከር ሱቁ መጡ። መሰለች የሦስቱንም ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል «ኧረ በእግዜር!» ብለው አነሷት። አቶ ዳና ነጭ ጋቢ ዘረጋ። እንዲያ ያለ ጋቢ አይታችሁ አታውቁም።

«ልጃችንን ላተረፈልን ሰው ነው» አለ። «አልብሼ በስሙ ልመርቀው። የትኛችሁ ናችሁ?»

ሩሐማ ወደ ኋላ አለች። «እኔ እኮ ጣለው ያልኩ ነኝ። እሺ ቢሉኝ ኖሮ...» እንባዋ መጣ። «ለመርክነህ ይሁን።»

መርክነህ አንገቱን ደፋ። «ለስህተት ጋቢ ይሰጣል እንዴ? ኳስ ሳወራ ነው የረሳሁት። ለአይዛ ስጡት።»

አይዛ ሳቀ፤ ግን ዓይኑ አልሳቀም። «እኔ ድካሜ አሳዝኖኝ ነው የለጠፍኩት፤ ልጅቷንማ የት አውቄያት? ዓሣ ባይሳል ምን እለጥፍ ነበር? ለእህቴ ነው።»

«እሺ፣ ለሦስት ይካፈሉት» አለ ለማየት የመጣ አንድ ጎረቤት።

«ሸማኔ ነኝ» አለ አቶ ዳና። «የተቀደደ ጋቢ አልብሼ አልመርቅም። የምትወጣልኝ ምርቃት አንድ ናት፤ ሙሉዋን ለአንድ ሰው ነው የምሰጣት።»

ወደ ደጋ የሚወጣው የመጨረሻ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አቶ ዳና ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ቆሟል፤ መሰለች ሦስቱን በየተራ ታያለች። ሦስቱም አንዱ በሌላው ጀርባ ሊደበቁ ይጋፋሉ።

«ለዘበኛው» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ዘበኛው የምስጋና ዶሮውን ወስዷል፤ ጫኔም ይቅር ተብሎ ማር ተሰጥቶታል፤ እነሱን ተዉልኝ። ባለፈው ይህን ስናገር ሁለት ወንድማማቾች ተኮራርፈው እስካሁን ሰላም አይባባሉም፤ እናንተ እንኳን ረጋ ብላችሁ ተከራከሩ። ማንም ሳይጠይቃት ለማያነብ ሰው ያሰበችው፣ ግን ጣለው ያለችው ሩሐማ አለች። ስህተቱ ልጅ ያተረፈ፣ ስህተቱንም ያልካደ መርክነህ አለ። ለአንድ ሾፌር አዝኖ፣ ለድካሙም ሳስቶ፣ እንዳይለቅ አድርጎ የለጠፈ አይዛ አለ። መኪናው ሊሄድ ነው፤ የሰውየውም ክንድ ዝሏል። በሉ ንገሩት፦ ጋቢውን ለማን ያልብስ?