ስሟን የሚያውቅ ሰው

ሴት ልጁ ለክርስትናዋ ሳምንት ሲቀራት ሞተች። እድሩ ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ድንኳን አልሰጥም ቢለው፣ አባትየው ቅሬታውን ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ወዲያው «እውነት አይደበቅም» የሚባል፣ በፊቱ ፈንታ የአንበሳ ሥዕል የለጠፈ ሰው መጣና፣ «ሐመልማልን በረሃብ ገድለህ አሁን ድንኳን ትለምናለህ?» ሲል ሰደበው።

አባትየው ተሳዳቢው ከእድሩ ሰዎች አንዱ ነው ብሎ አወራ። በእሑዱ ስብሰባ የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ከመቀመጫው አስነሱት።

«የተከበረ እድር ስም አጥፍተሃል። ሰውየውን አሁኑኑ በማስረጃ ታወጣለህ፤ አለዚያ ከእድሩ ትሰናበታለህ። ከዚያ ወዲያ ቀባሪህን ራስህ ፈልግ።»

«እኔማ ላመሰግነው ነበር ጋሼ» አለ አባትየው። «ከቤታችን ውጪ በስሟ የጠራት እሱ ብቻ ነው። ስሟን ለክርስትናዋ ቀን ብለን ደብቀነው ስለነበር ሰፈሩ የሚያውቃት ሚጡ በሚል ነው። ሐመልማል መባሏን ከእኔና ከእናቷ ሌላ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ድንኳኑን ስለምንዎት ጠይቀውኝ ነገርኩዎት። እንግዲህ ለማን እንደነገሩ ይንገሩኝና ሄጄ እሱን ልያዝ።»

አቶ ወንድይፍራው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልካቸውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ሐመልማል፤ ነፍሷን ይማርልህ ልጄ» አሉት፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

አባትየው ከዚያ ወጥቶ ወደ መቃብሯ ሄደ። ራስጌዋ ላይ ባቆመው ጣውላ ስሟን በቀለም ጻፈ።