አሥራ አምስተኛው አህያ

አንድ ጊዜ፣ በሰኔ ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንበሳ ቅፍለትና የነብር ቅፍለት አንድ ሆኑ። ሁለቱም ከቆላ ወደ ደጋ ጨው የሚያመላልሱ የአህያ ሰልፎች ነበሩ። የአንበሳ አሥራ ሁለት፣ የነብር አሥራ አራት፣ በድምሩ ሃያ ስድስት አህያ።

በቅፍለት ውስጥ ተራ ትልቅ ነገር ነው። ፊተኛው አህያ አንገቱ ላይ ቃጭል ያስራል፤ ግማሽ ጭነት ይሸከማል፤ ያልደፈረሰ ውሃ ይጠጣል። ኋለኛው አቧራ ይበላል፤ ጅብ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ከአንበሳ ወገን ቡላ የሚባለው አህያ ሰባት ዓመት ጭኖ ቃጭሉን ያሰረው ገና በሚያዝያ ነበር።

ተራውን እንዲያወጣ ቀበሮ ተሾመ። የነብር አህዮች ያገለገሉበት ዘመን ይቆጠር አሉ፤ ከመካከላቸው ትንሹ ስምንት ዓመት ጭኗል። የአንበሳ አህዮች ደግሞ ሁሉም በነበረበት ማዕረግ ይሰለፍ፣ ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ እየተባለ ይደባለቅ አሉ።

«እኛ ጨው ስንጭን አንተ ውርንጭላ ነበርክ» አለ የነብር አህዮች አውራ ዳልቻ።

«እናንተ በዓመት ሁለቴ ቆላ ትወርዳላችሁ፣ እኛ ስምንቴ። ዕድሜ ከሆነ የሚቆጠረው ዔሊም መጥታ ትሰለፍ» አለ ቡላ።

ቀበሮ ሁለቱንም እስከ እኩለ ቀን ሰማና በዘመን ፈረደ። ቃጭሉ ከቡላ አንገት ወደ ዳልቻ ዞረ። ቡላ አሥራ አምስተኛ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ቡላ ለብቻው ሲግጥ ጅብ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተናገረው።

«አያ ቡላ፣ አቧራው እንዴት ነው?»

ቡላ አልሮጠም። ጅብ ከፊቱ ስንት እንዳሉ ጠየቀው። አሥራ አራት ሲባል በጥፍሩ መቁጠር ጀመረና አራት ላይ ተደናቀፈ።

«ከአራት በላይ እየበላሁ ነው የምቆጥረው» አለ። «አንድ አንድ እያልኩ ወደ ፊት አስጠጋሃለሁ። ካንተ የምፈልገው ዝምታ ብቻ ነው።»

ዝምታ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ጅብ የሸተተው አህያ ያናፋል፤ የቀሩት ወዲያው ጭንቅላታቸውን ገጥመው የኋላ እግራቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ። በዚህ ዘዴ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም አህያ አልተበላም። ቡላ እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ደረሱ። ጉም ወርዷል። ዳልቻ ቀድሞ ገባ፤ አሥራ ሦስቱ ተከተሉት። ቡላ ከውሃው ዳር ቆሞ ሳለ ሽታው መጣ። ጆሮው ቆመ። ሊያናፋ አፉን ከፈተ። ከፊቱ ያሉትን አየ። አፉን ዘጋ።

ጅብ ከጉሙ ወጣ። ውሃ ውስጥ ያሉት ሩቅ ነበሩ። ቅርቧ ዳማ ናት፤ ከቡላ ኋላ አራት ዓመት የተሰለፈች የአንበሳ ቅፍለት አህያ። ጅብ አልቆጠረም። ጉሮሮዋን ያዘ።

«ከፊቴ ነው የተባለው! እሷ ከኋላዬ ናት!» ብሎ ጮኸ ቡላ።

ሃያ አራቱም ሰሙት። ዳልቻ ወንዙ መካከል ዞሮ ቆመ።

«ከፊትህስ ማንን ነበር የሰጠኸው?» አለው።

ጅብ ዳማን እየጎተተ ጉሙ ውስጥ ገባ።

መስከረም አንድ ቀን የውህደቱ ውል ተነበበ። ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የጫነ አህያ ሁሉ ክረምቱ ሲወጣ ጭነት አውርዶ ወደ ግጦሽ ይሰናበታል ይላል። የተፈረመው በዚያው በሰኔው ማክሰኞ፣ ቀበሮ ባለበት ነው። የነብር አህዮች አሥራ አራቱም ተሰናበቱ። ቡላ ቀበሮን ይህን እያወቀ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀው።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ቀበሮ።

ቃጭሉ ለቡላ ተመለሰለት። የቀሩት አሥር አህዮች ግን ከኋላው ለመሰለፍ እምቢ አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ተራው የተገፋበት ሁሉ ከፊቱ የቆመውን ጠላት ከማድረጉ አስቀድሞ ውሉን አንብቡልኝ ማለት እንዳለበት ነው።