የእትዬ አስካለ አጥርና የጠፋው የወሰን ድንጋይ

ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት አህያና ስለ አንድ አጥር ላውራችሁ። መሳቅ ይፈቀዳል፣ ማቋረጥ ግን የለም።

እትዬ አስካለ ከጓሮ ጎመናቸው ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። ክረምቱ አጥራቸውን ጣለውና የጎረቤታቸው የአቶ ወልደየስ አህያ ገብታ ጎመኑን ጋጠችው። የተረፈው በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ለዘር የተቀመጠ አንድ እግር ብቻ ነው። እትዬ አስካለ አለቀሱ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና የአጥር ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዱ።

ፈቃድ ሰጪዋ፣ «እማማ፣ የይዞታ ካርታ ሳያመጡ ፈቃድ የለም» አለቻቸው።

ወደ መዝገብ ቤቱ ተሻገሩ። «ልጄ፣ ካርታ ስጠኝ። ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ አጥር የለም፣ አጥር ከሌለ አህያዋ ጎመኔን ትጨርሰዋለች!»

መዝገብ ያዡ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ቀያሽ ሳይለካው የምን ካርታ?» አለ።

ቀያሹን ከሻይ ቤት አገኙት። «ልጄ፣ ለካልኝ። ልኬት ከሌለ ካርታ የለም፣ ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ አጥር የለም፣ አጥር ከሌለ አህያዋ ጎመኔን ትጨርሰዋለች!»

«ወሰንተኛዎ ሳይፈርም ሜትሬን አልዘረጋም» አለ ቀያሹ።

ወሰንተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአህያዋ ጌታ! «አቶ ወልደየስ፣ ይፈርሙልኝ። ፊርማ ከሌለ ልኬት የለም፣ ልኬት ከሌለ ካርታ የለም፣ ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ አጥር የለም፣ አጥር ከሌለ አህያዎ ጎመኔን ትጨርሰዋለች!»

አቶ ወልደየስ አህያቸውን እንደ ልማዳቸው ጓሮ ዳር፣ ከማደሪያዋ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እያሰሩ፣ «ድሮ የተተከለው የወሰን ድንጋይ ሳይገኝ እስክሪብቶ አልነካም» አሉ።

ድንጋዩን የተከሉት አባ ዳምጠው፣ የሰፈሩ አዛውንት ናቸው። «አባባ፣ ድንጋዩን ያሳዩኝ። ድንጋይ ከሌለ ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ልኬት የለም፣ ልኬት ከሌለ ካርታ የለም፣ ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ አጥር የለም፣ አጥር ከሌለ አህያዋ ጎመኔን ትጨርሰዋለች!»

«አስኩዬ፣ በባዶ ሆዴ ምን ትዝ ይለኛል? ድዴ የሚችለው ያንቺን ጎመን ነው። እሱን አብዪኝ፣ አሳይሻለሁ።»

እትዬ አስካለ ቤታቸው ተመልሰው ባልዲውን አዩት። ለዘር ነበር። አህያዋንም አዩዋት፤ አሁንም ታላምጣለች። በስተመጨረሻ ግንዱን ብቻ አስቀርተው ቅጠሉን በሙሉ ቀነጠቡና ከሚጥሚጣ ጋር ሠርተው አቀረቡ።

አባ ዳምጠው ድስቱን ጠራርገው በሉ፤ ምርኩዛቸውን አንሥተው በቀጥታ ወደ አህያዋ አመሩ።

«የታሰረችበት ነዋ! ሥሩን ቆፍሩት፤ ምስክር እንዲሆን ከሰል ቀብሬበታለሁ» አሉ።

ቢቆፍሩት ከሰሉ ወጣ። አቶ ወልደየስ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ።

ድንጋዩ ተገኘና አቶ ወልደየስ ፈረሙ፤ እሳቸው ፈረሙና ቀያሹ ለካ፤ ቀያሹ ለካና መዝገብ ያዡ ካርታ ሰጠ፤ ካርታው መጣና ፈቃዱ ተጻፈ፤ ፈቃዱ ተጻፈና አጥሩ ቆመ! በልኬቱም የአህያዋ ማደሪያ ሙሉ በሙሉ በእትዬ አስካለ ይዞታ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ አስካለ ያንን ራቁቱን የቀረ ግንድ ፍግ በጠገበው ማደሪያ ላይ ተከሉት። በሦስት ሳምንት እንዲህ ለምልሞ ታየ። አህያዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብታሰግግ እትዬ አስካለ ወገባቸውን ይዘው፣

«ፈቃድ ይዘሻል?» አሏት።

እኔ ተረቴን አስረከብኩ፤ እናንተ ደግሞ ተረከብን በሉና ፈርሙልኝ።