«ጃስ» ብቻ የተማረው ውሻ

አንድ የማር ነጋዴ ነበረ፤ ከማሩ ይልቅ በውሻው የታወቀ። ስሙ ደርሰህ ይባላል። የሰፈሩ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሲጠቁም «ማር የሚሸጠው ሰውዬ ቤት» አይልም፤ «ያ ውሻ ያለበት ግቢ» ይላል። አቶ ደርሰህም ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

ውሻ ለማሳደግ ያሰበው ሌቦች አጥር ዘለው የማር ማድጋዎቹን ተሸክመውበት ከሄዱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በበሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሌባ መሰለው። ከገጠር አንድ ቡችላ አስመጣና «አይነኬ» ብሎ ስም አወጣለት። በአገራችን የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት እንዲሰማው ጭምር ነው። ጎረቤትም ሰማ፤ ገባውም።

ስለ ውሻ አስተዳደግ ሰፈር ውስጥ ምክር ሞልቷል። ምክር ከኪስ ስለማይወጣ ማንም አይሰስትበትም። አንዱ፣ ኃይለኛ እንዲሆን ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ እሰረው አለው። ሌላው ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ለውሰህ አብላው አለው። ሦስተኛው ደግሞ ከአንተ እጅ በቀር እንዳይበላ፣ የሁለት ሰው እጅ የቀመሰ ውሻ ይላላል ብሎ አስጠነቀቀው። አቶ ደርሰህ ሦስቱንም ምክር ተቀበለ። ቡችላውን በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ በሰንሰለት አሰረው፤ ሚጥሚጣውን አቀመሰው፤ ሚስቱን ወይዘሮ አትክልትን ደግሞ ፍርፋሪ እንኳ እንዳትጥልለት ከለከላት። እሷም ከድሮም ውሻ ትፈራ ስለነበር ክልከላው ብዙ አልከፋትም። እንዲህ ሆነና ውሻውና የቤቱ እመቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ሳይተዋወቁ ኖሩ።

ትምህርቱ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር አቶ ደርሰህ ሰንሰለቱን ይይዝና በኃይል «ጃስ!» ይላል። ቡችላው ጥርሱን ገልጦ ከዘለለ ሥጋ ይወረወርለታል፤ ዝም ካለ አርጩሜ ይቀምሳል። አይነኬ ብልህ ውሻ ነበርና ነገሩ ቶሎ ገባው። የጌታው ድምፅ ከፍ ካለ ሰው መናከስ እንዳለበት አወቀ። ውሎ አድሮ «ጃስ» ማለቱም ቀረ፤ አቶ ደርሰህ ጮክ ብሎ ከተናገረ፣ ምንም ይናገር ምን፣ ውሻው ይነሣል።

ውሻው ካደገ በኋላ ሌባ የሚባል ወደዚያ ግቢ ዝር አላለም። ችግሩ፣ ሌላውም ሰው አብሮ መቅረቱ ነው። የዕድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን ከመንገዱ ማዶ ነፍቶ ይሄዳል። የንስሐ አባታቸው ጠበል የሚረጩት ከአጥር ውጭ ቆመው ስለሆነ፣ ጠበሉ ቤት የሚደርሰው ነፋስ ከረዳቸው ነው። የወይዘሮ አትክልት እህት ከሩቅ አገር ልትጠይቃት መጥታ ከበር ተመለሰች፤ ዳግመኛም አልመጣችም። ወይዘሮ አትክልት ይህንን እያነሣች ስታለቅስ ባሏ «ማሩ ግን አለ» አላት። እውነቱን ነው፤ ማሩ ነበረ።

ከአጥሩ ወዲያ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ትኖር ነበር። እሷም ቡሬ የሚባል ውሻ አላት። ጠላ ቤት ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ነው። ውሻው ሁሉን ከነከሰ ገበያ የለም፤ ማንንም ካልጮኸበት ደግሞ ጣሳው ሁሉ እግር ያወጣል። ስለዚህ ከቡችላነቱ ጀምራ ለፋችበት። እንግዳ ሲመጣ ቡሬ ይጮኻል። እሷ ትወጣና እንግዳውን ደህና አድርጋ ሰላም ካለችው በኋላ «በቃ፣ ቡሬ» ትላለች። ዝም ሲል አንገቱን ታሻሸዋለች። ዝም ካላለም አትመታውም፤ እንግዳውን ይቅርታ ጠይቃ፣ ውሻው እስኪበርድለት ሁለቱንም ታቆማቸዋለች። ደንበኞቿን ቁራሽ ዳቦ ታስይዝና በእጃቸው እንዲያጎርሱት ታደርጋለች። የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባቱንም ጊዜውን ጠብቃ ታስወጋዋለች። ጠጪዎቹ «ለእኛ ዱቤ ስትከለክል ለውሻ ሐኪም ትፈልጋለች» እያሉ ያሟት ነበር። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋቸዋለች።

አንድ ቀን አቶ ደርሰህ መሰላል አቁሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል ቡሬን ከአንድ ጠጪ እግር ሥር ተጋድሞ አየው።

«ይኼ ውሻ ነው ወይስ ምንጣፍ?» አለ እየሳቀ።

«ሥራውን ጨርሶ ነው፤ ይረፍ እንጂ» አለችው ጠላ ሻጯ።

«የኔን ብታዪው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ይበጣጥሰው ነበር። አስተምሬዋለኋ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጣሳ እያለቀለቀች ነበር። ቀና ብላ፣ «መናከሱንማ ከእናቱ ሆድ ይዞት መጥቷል፤ ምኑን አስተማሩት? ማቆም ያውቃል ወይ?» አለችው።

«ለምን ብሎ ያቆማል?» አለና ከመሰላሉ ወረደ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በአጥሩ ጫፍ ላይ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪ በዝናቡ ረግፎ ኖሮ አቶ ደርሰህ ሊተካው መሰላል አቆመ። ያን የመሰለ ውሻ እያለ ስባሪው ምን ያደርግለታል ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ። የፈራ ሰው አንድ ቁልፍ አይበቃውም። ብቻ መሬቱ ገና ጭቃ ነበርና መሰላሉ ተንሸራተተ። ሰውዬው ከነስባሪው ወደ ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ አንዱ ስባሪም ጭኑን ክፉኛ ቀደደው።

አቶ ደርሰህ ሲጮኽ አይነኬ የታሰረበትን ችካል ነቅሎ፣ ሰንሰለቱን እየጎተተ መጣ። ጌታውን አሸተተው። ቁስሉን ላሰው። ከዚያም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ከአጠገቡ ቆመ። ከዚህ የበለጠ ታማኝነት ከየትም አይመጣም፤ ግን ያ ታማኝነት ሰውዬውን ሊገድለው ነው።

ወይዘሮ አትክልት ጨርቅ ይዛ ከቤት ስትሮጥ ውሻው አጉረመረመባት፤ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ወንዶቹ በሩን በርግደው ገቡና ውሻውን ሲያዩ ከገቡበት ፍጥነት በባሰ ፍጥነት ወጥተው ዘጉት። የሰፈሩ ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግቢ በኩል አጥሩ ላይ ወጣ። ደሙ በጭቃው ላይ እየሰፋ ነበር፤ የአቶ ደርሰህም ከንፈር መንጣት ጀመረ።

አቶ ደርሰህ ያለ የሌለ ድምፁን አሰባስቦ «ተው!» አለ። «ሂድ!» አለ። «ዞር በል!» አለ። ውሻው ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀው የጌታው ድምፅ ሲጮኽ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። እናም በተጮኸ ቁጥር ጸጉሩን አቁሞ ወደ ሰዎቹ ይዘላል፤ ተመልሶም ከጌታው አጠገብ ይቆማል። ሰውዬው የሚያድነውን ሰው በገዛ አፉ እያባረረ ነበር።

ጥበቃው ከአጥሩ ላይ ሆኖ «ልተኩስ?» ሲል ጠየቀ። አቶ ደርሰህ ውሻውን ያይ ነበር።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጥበቃው ጥቂት እንዲታገሥ ለምና በሩን ገርበብ አደረገችው። አልገባችም። እዚያው በሩ ላይ ቆማ በዝግታ ተናገረች።

«አቶ ደርሰህ፣ አይጩሁ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉና ሰላም ይበሉኝ።»

«ምን?»

«እንግዳ ነኝ፤ ቤትዎ መጣሁ። ሰላም ይበሉኝ። እንደምን ዋሉ?»

አቶ ደርሰህ አፈጠጠባት። በዚያ በር ሰው በሰላም ተቀብሎ አያውቅም። ሆኖም የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የተባለውን ያደርጋልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እንደምን ዋልሽ?» አላት። እሷም ደህና ነኝ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ አለችው። ደህና ነው አላት። ሰብሉ እንዴት ነው፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ፣ ንቦቹስ ገቡ ወይ እያለች አንድ አንድ እርምጃ ቀረበች። እሱም ደሙ እየፈሰሰ ሁሉንም «ደህና፣ ደህና» እያለ መለሰላት። በዚህ የሚስቅ ካለ ራሱን ይጠይቅ፤ እኛስ መቼ ነው ቆስለናል ብለን የምናውቀው?

ውሻው ግራ ገባው። የጌታውን ፊት ያያል፣ የሴትዮዋን ፊት ያያል። ጌታው ከሰው ጋር እንዲህ ሲነጋገር ሰምቶ አያውቅም። የቆመው ጸጉሩ እየተኛ መጣ፤ ቀስ ብሎም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ተቀመጠ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደረሰች። ተንበርክካ መቀነቷን ፈታችና ጭኑን ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ደሙ ቆመ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ደስ ባለኝ።

ወይዘሮ አትክልት ከደጃፏ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። ደሙ መቆሙን ስታይ አንጀቷ አልቻለም፤ «ተረፈልኝ!» ብላ ወደ ባሏ ሮጠች። አቶ ደርሰህ ስትሮጥ አያት፤ ውሻው ሲነሣም አየ። ለሚስቱ ፈራላት። ሲፈራ ደግሞ የተመከረው ሁሉ ጠፋበትና እንደ ወትሮው በኃይል ጮኸ።

«አትክልት! ተመለሽ!»

ለእሷ ነበር የተናገረው። ውሻው ግን የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። ዘሎ ክንዷን ያዘ። ጥበቃው ተኮሰ።

አይነኬ ወደቀ። ወድቆም ዓይኑን ከጌታው ላይ አላነሣም። የታዘዘውን አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ሥጋ እስኪወረወርለት ይጠብቅ ነበር። አቶ ደርሰህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የውሻውን ራስ ዳሰሰው፤ ውሻው አርጩሜ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እንደጨፈነም ቀረ።

አቶ ደርሰህ ከሞት ተረፈ። ሚስቱም ተረፈች፤ ነገር ግን አይነኬ ክትባት ተወግቶ ስለማያውቅ እሷ በእሱ ፈንታ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ተወጋች። ቁስሏ ሲጠግግ የክንዷ ጠባሳ ቀረ። ባሏ ጠባሳውን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር፤ እሷም አንድ ቀን «አታዙረው፤ ይታይህ» አለችው።

ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጡ። ግቢውን በሰላም ገብተው ያዩት ያኔ ነው። ተቀምጠው እግዜር ይማርህ ካሉ በኋላ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ «እንኳን ተገላገልከው፤ ክፉ ውሻ ነበር» አለ።

አቶ ደርሰህ ግን እንዲህ አለ፦

«ክፉ አልነበረም። አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽም እዚያ ነበረች። የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ ግን ሰውዬው የተናገረው በቂ ነው ብላ ዝም አለች።

እኔ ግን ዝም አልልም። ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ ስሙኝ። ውሻችሁን ከቤተሰቡ አታለያዩት፤ እናትም ልጅም ያብሉት፣ ይዳስሱት። ሰውን ሰላም ስትሉ ይይ። ክትባቱን አታስቀሩበት። ከሁሉ በፊት ግን ማቆምን አስተምሩት፤ መጮኹን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ዘብ የሚሆናችሁ እንስሳ እናንተ የሠራችሁትን ነው የሚሆነው፤ ጥፋት ሲመጣ ግን ጥይቱ የሚያገኘው እሱን ነው።

ውሻ የሌላችሁም ይህ ወሬ አይመለከተንም ብላችሁ እንዳታልፉት። ልጁን በጎረቤት ላይ የሚያስነሣ አባት አለ። ወንድሙን በወንድሙ ላይ የሚያነሣሣ ሰው አለ። በልቡ ቂሙን አስሮ፣ ሚጥሚጣ እያቀመሰ የሚያሳድግም አለ። ማስነሣት ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ይበቃዋል። መመለስ ግን ከቡችላነት ጀምሮ ካልተማሩት በጭንቅ ቀን አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እስቲ እያንዳንዳችሁ ግቢያችሁን ተመልከቱ፤ «ጃስ» ብላችሁ ያሳደጋችሁት ነገር «ተው» ያላችሁት ቀን ይሰማችኋል?